ከሊቃውንት አዳራሽ ወደ ሕዝብ ደጃፍ

(በታሪክ ክበብ አባሎች የተዘጋጀ)

እህል በጎተራ ውስጥ ሲቀመጥ ከዝናብና ከአይጥ ይጠበቃል፤ ነገር ግን አይበዛም። የሚበዛው ከጎተራ ወጥቶ በታረሰ መሬት ላይ የተዘራው ብቻ ነው። የዕውቀትም ነገር እንደዚሁ ነው። በሊቃውንት አእምሮና በመጻሕፍት ቤት መደርደሪያ ላይ የተቀመጠ ዕውቀት ክብር ቢኖረውም፣ ፍሬ የሚሰጠው ወደ ሕዝብ ወጥቶ ሲነገር፣ ሕዝቡም መርምሮ ሲቀበለው ነው።

በዚህ የትምህርት ቤታችን በዓል መታሰቢያ መጽሐፍ ላይ የምንጽፈው እኛ የታሪክ ክበብ አባሎች፣ በገዛ ፈቃዳቸው ከቤተ ሙከራቸው ተነሥተው በየትምህርት ቤቱና በየመንደሩ ለሕዝብ ስለ ተናገሩ የሳይንስ ሰዎች ጥቂት ታሪክ ለማቅረብ መርጠናል። ይህን የመረጥንበት ምክንያት አለን። ቀድሞ የከምባታና ሐዲያ አውራጃ ይባል በነበረው አገራችን፣ ከሆሳዕና እስከ ዱራሜ፣ ከሾኔ እስከ አንጋጫ፣ የቤተ ሰቡ ሲሳይ በጓሮው የተተከለው እንሰት ነው። በዚህም ተክል ላይ መድኃኒት ያልተገኘለት አንድ ክፉ በሽታ ተነሥቶበታል። መድኃኒት በሌለበት ቦታ የሚቀረው መከላከያ ከሰው ወደ ሰው የሚተላለፍ ቃል ነው። እንግዲህ አንድ ሊቅ ለሕዝብ የተናገረው ቃል መቼ ፍሬ ይሰጣል? መቼስ በነፋስ ይወሰዳል? ይህን ጥያቄ ይዘን ወደ ታሪኩ እንግባ።

ነገሩን ለማስፋት ያህል መጀመሪያ ከውጭ አገር አንድ ምሳሌ እንጥቀስ። በእንግሊዝ አገር ማይክል ፋራዴይ የሚባል ሰው በ1791 (እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር) ተወለደ። አባቱ ብረት ሠሪ ነበር። ልጁ ብዙ ትምህርት ሳያገኝ በአንድ የመጻሕፍት ጠራዥ ቤት ሥራ ለመማር ገባ፤ የሚጠርዛቸውንም መጻሕፍት ማታ ማታ ያነብ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1812 አንድ ደንበኛ ሰር ሃምፍሪ ዴቪ የተባለው የኬሚስትሪ ሊቅ ለንደን ውስጥ ለሕዝብ የሚሰጠውን ንግግር የሚሰማበት የመግቢያ ወረቀት ሰጠው። ፋራዴይም ሄዶ ሰማ፤ የሰማውንም ሁሉ በጥንቃቄ ጻፈ፤ የጻፈውንም በራሱ እጅ ጠርዞ ለዴቪ ላከለት። በዓመቱ በሊቁ ቤተ ሙከራ ውስጥ ረዳት ሆኖ ተቀጠረ። እ.ኤ.አ. በ1831 ይኸው የብረት ሠሪ ልጅ መግነጢስ ኤሌክትሪክን እንደሚያመነጭ ገለጠ። ዛሬ በጊቤ ወንዝ ላይ የተሠሩት ግድቦች ኤሌክትሪክ የሚያመነጩት በዚሁ ሕግ ነው።

ፋራዴይ የተደረገለትን ውለታ አልረሳም። በዚያው በለንደን በሮያል ኢንስቲትዩሽን እ.ኤ.አ. በ1825 የተጀመረው ለወጣቶች የሚሰጥ የገና ሰሞን ንግግር አለ። ፋራዴይ ራሱ በ19 ዓመቶች የገና ንግግሩን ሰጥቷል። ከንግግሮቹ ሁሉ የታወቀው ስለ አንዲት ሻማ የተናገረው ነው። ሻማን የማያውቅ ልጅ የለም፤ እርሱም ሁሉም ከሚያውቃት ከሻማይቱ ተነሥቶ ስለ አየር፣ ስለ ውሃና ስለ ሰው እስትንፋስ አስተማረ። ከዚህ የምናገኘው ትምህርት ግልጽ ነው። ጥሩ ተናጋሪ ሰሚው በእጁ ከያዘው ነገር ይጀምራል።

አሁን ወደ አገራችን እንመለስ። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ በ1943 ዓ.ም. ሲከፈት በመላው ኢትዮጵያ የነበሩት የሳይንስ ምሁራን በጣት የሚቆጠሩ ነበሩ። ከጥቂት ዓመት በኋላ በደምቢያ የወባ ወረርሽኝ ገብቶ ብዙ ሺህ ሕዝብ ፈጀ። ይህም ጥፋት በ1947 ዓ.ም. በጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅ እንዲቋቋም አንዱ ምክንያት ሆነ። የዚህ ኮሌጅ አሠራር ከተለመደው የተለየ ነበር። የጤና መኰንኑ፣ የማኅበረሰብ ነርሷና የአካባቢ ንጽሕና ባለሙያው አብረው እየሠለጠኑ አብረው ወደ ገጠር ይወጡ ነበር። በሽተኛው ወደ ሐኪም ቤት እስኪመጣ አይጠብቁም፤ ወደ መንደሩ ሄደው ስለ ምንጭ አጠባበቅ፣ ስለ መጸዳጃ ጉድጓድና ስለ ሕፃናት አመጋገብ ይናገራሉ። ሰው ታሞ ከመዳን ይልቅ ሳይታመም መኖሩ እንደሚሻል ያስተምሩ ነበር።

በ1957 ዓ.ም. ደግሞ የዩኒቨርሲቲው ተማሪዎች ትምህርታቸውን ሳይጨርሱ አንድ ዓመት በክፍለ አገር እንዲያገለግሉ የሚያዝዝ ደንብ ወጣ። ከነዚህም ወጣቶች አብዛኞቹ በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች አስተማሪዎች ሆኑ። ይህ ግዴታ እንጂ ሙሉ ፈቃድ አልነበረም፤ ሆኖም ከአዲስ አበባ ወጥቶ የማያውቅ ወጣት የአገሩን ሕዝብ ኑሮ በዓይኑ ያየበት ጊዜ ነበር። ለማስተማር የሄደውም ብዙ ነገር ተምሮ ተመለሰ።

ሕዝቡ ሊቁን ያስተማረበት ታላቅ ታሪክ ግን በዓድዋ የተደረገው ነው። ዶክቶር አክሊሉ ለማ እ.ኤ.አ. በ1964 ስለ ቢልሃርዚያ በሽታ ለማጥናት ወደ ዓድዋ ሄደው ነበር። ቢልሃርዚያ በወንዝ ውስጥ በሚኖሩ ቀንድ አውጣዎች አማካይነት ወደ ሰው ይተላለፋል። ዶክቶር አክሊሉ በወንዙ ዳር ሲዘዋወሩ ሴቶች ልብስ ከሚያጥቡበት ቦታ በታች የሞቱ ቀንድ አውጣዎች በብዛት ተንሳፈው አዩ። ከልብስ አጣቢዎቹ አንዷን ለምነው የእንዶዱን አረፋ ሕያዋን ቀንድ አውጣዎች ባሉበት ዕቃ ውስጥ እንድታደርገው አደረጉ፤ ቀንድ አውጣዎቹም ሞቱ። በሺህ ብር ከውጭ የሚገዛው መድኃኒት የሚሠራውን ሥራ እናቶቻችን ለልብስ ማጠቢያ የሚወቅጡት ፍሬ ይሠራው ኖሯል።

ከዚያ በኋላ በዓድዋ እ.ኤ.አ. ከ1969 እስከ 1974 ድረስ ወንዞቹን በእንዶድ የማከም ሥራ ተካሄደ። ከ1 እስከ 6 ዓመት ዕድሜ ካላቸው ሕፃናት መካከል በበሽታው የተያዙት ከመቶ 50 የነበሩት ወደ 7 ዝቅ አሉ። ዶክቶር አክሊሉና የሥራ ባልደረባቸው ዶክቶር ለገሰ ወልደ ዮሐንስ ስለዚሁ ሥራ እ.ኤ.አ. በ1989 ራይት ላይቭሊሁድ የተባለውን የዓለም ሽልማት ተቀበሉ። መጠየቅ ያደርጋል ሊቅ የሚለው የአባቶቻችን ቃል በተማረውም ሰው ላይ የሚሠራ መሆኑን ከዚህ እንረዳለን።

ሁለተኛው ምሳሌ ስለ ፈንጣጣ ነው። በኢትዮጵያ ፈንጣጣን የማጥፋት ዘመቻ እ.ኤ.አ. በ1971 ሲጀመር በዚያው አንድ ዓመት ከ26,000 በላይ በሽተኞች ተገኙ። ሠራተኞቹ የኢትዮጵያ የንጽሕና ባለሙያዎችና ከአሜሪቃ፣ ከጃፓንና ከአውስትሪያ የመጡ በጎ ፈቃደኞች ነበሩ። መንገድ በሌለበት በእግርና በበቅሎ ይጓዙ ነበር። በእጃቸው ፈንጣጣ የወጣበት ሕፃን ሥዕል ይዘው ወደ ገበያና ወደ ትምህርት ቤት ይገባሉ፤ ሥዕሉንም እያሳዩ እንደዚህ ያለ በሽተኛ ያየ ሰው እንዳለ ይጠይቃሉ። ተማሪ ሁሉንም ቤት ያውቃል፤ ደብቆ መያዝም አይችልበትም። ስለዚህ አንድ ክፍል ሙሉ ተማሪ ብዙ መርማሪዎች የማይሠሩትን ሥራ ይሠራ ነበር። በአገራችን የመጨረሻው በሽተኛ በባሌ ምድር ዲሞ በምትባል መንደር ነሐሴ 3 ቀን 1968 ዓ.ም. ተገኘ። እ.ኤ.አ. በ1980 የዓለም ጤና ድርጅት ፈንጣጣ ከምድር ገጽ መጥፋቱን አስታወቀ። እንግዲህ በትምህርት ቤት የሚሰጥ ንግግር ጥቅም ተናጋሪው ነግሮ ከሄደ በኋላ የሚቀረው ብቻ አይደለም፤ ተናጋሪው ራሱ ከተማሪዎቹ ሰምቶ የሚሄደውም አለ።

ሦስተኛው ነገር ቋንቋ ነው። ሐምሌ 1 ቀን 1971 ዓ.ም. የተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ከጊዜ በኋላ በ15 የኢትዮጵያ ቋንቋዎች ሲሰጥ፣ ሐዲይኛና ከምባትኛም ከነዚህ ውስጥ ነበሩ። ብዙ አያቶቻችን የራሳቸውን ቋንቋ በጽሑፍ ለመጀመሪያ ጊዜ ያዩት በዚያን ጊዜ ነው። ዘመቻው እ.ኤ.አ. በ1980 ከዩኔስኮ የማንበብና የመጻፍ ትምህርት ሽልማት አግኝቷል። ስለ ዘመኑ ፖለቲካ ብዙ የሚባል ነገር አለ፤ ይሁን እንጂ አንዲት እናት ስለ ልጇ ጤና በምታልምበት ቋንቋ ሲነገራት የምትሰማው አሰማም ሌላ መሆኑን ያ ጊዜ አሳይቷል።

ከዚህ በላይ የተረክናቸው ከሌላ አገር የመጡ ወይም በሌላ አገር የተደረጉ ናቸው። አሁን ከራሳችን ምድር የወጡትን ሴት እናንሣ። ወይዘሮ ቦጋለች ገብሬ በከምባታ ተወለዱ። በዚያን ዘመን ሴት ልጅ ወደ ትምህርት ቤት መሄዷ ያልተለመደ ስለ ነበረ፣ ውሃ ልትቀዳ የምትሄድ መስለው ከቤት እየወጡ ፊደል እንደ ቆጠሩ ይነገራል። በኋላም በአዲስ አበባ ተምረው በኢየሩሳሌም በዕብራውያን ዩኒቨርሲቲ ስለ ረቂቅ ሕዋሳት አጠኑ፤ ወደ አሜሪቃም ተሻግረው ከፍተኛ ትምህርት ቀጠሉ። እዚያ ሳሉ ለኢትዮጵያ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶችና ዩኒቨርሲቲዎች መጻሕፍት እያሰባሰቡ ይልኩ ነበር።

እንደርሳቸው የተማረ ሰው በውጭ አገር ደህና ኑሮ ሊኖር ይችል ነበር። እርሳቸው ግን ወደ ከምባታ ተመለሱና እ.ኤ.አ. በ1997 ከእኅታቸው ጋር ከምባቲ ሜንቲ ገዚማ የተባለውን የሴቶች ማኅበር መሠረቱ። ትርጓሜውም የከምባታ ሴቶች በኅብረት የሚሠሩበት ማለት ነው። ዓላማቸው ስለ ኤች አይ ቪ በሽታና ስለ ሴት ልጅ ግርዛት ለሕዝቡ ማስረዳት ነበር። ይህ ግርዛት የደም መፍሰስ፣ የቁስል መመርቀዝና በወሊድ ጊዜ ጭንቅ እንደሚያመጣ በትምህርታቸውም በሕይወታቸውም ያውቁ ነበር፤ በልጅነታቸው በእርሳቸው ላይ ተፈጽሞባቸዋልና።

ነገር ግን ሽማግሌዎቹ መጀመሪያ የነገሯቸው ሌላ ነበር። ልጆች ወደ ትምህርት ቤት፣ ነጋዴዎችም ወደ ገበያ የሚሻገሩበት ድልድይ የለንም አሏቸው። ወይዘሮ ቦጋለችም እኔ የመጣሁት ስለ ጤና ለመናገር ነው ብለው አልተከራከሩም። ገንዘብ አፈላልገው ከሕዝቡ ጋር ድልድዩን አሠሩ። ድልድዩ ከተሠራ በኋላ ሕዝቡ ጆሮውን ሰጣቸው። በሰው ልብ ላይ የሚሠራው ድልድይ በወንዝ ላይ ከሚሠራው ቀጥሎ መጣ።

የንግግራቸውም ዘዴ ከስብከት የተለየ ነበር። ወንዶችና ሴቶች፣ ሽማግሌዎችና ወጣቶች፣ የሃይማኖት አባቶችም ጭምር በአንድነት እየተቀመጡ በየጊዜው ይወያያሉ። ማኅበሩ ይህን የማኅበረሰብ ውይይት በየመንደሩ አስፋፋው። ውሳኔውን የሚሰጠው እንግዳው ተናጋሪ ሳይሆን የመንደሩ ሰው ነው። እ.ኤ.አ. በ2002 አንዲት ያልተገረዘች ሙሽራ በከምባታ በአደባባይ፣ ሕዝብ ተሰብስቦ እያየ ተዳረች፤ ሙሽራውም በምርጫው የሚኮራ መሆኑን ለሰው ሁሉ አስታወቀ። ይህ ከብዙ ትምህርታዊ ንግግር የበለጠ ሠራ፤ ምክንያቱም ወላጆች የሚፈሩት ሴት ልጃችን ባል ታጣለች ብለው ነበር። ግንቦት 1 ቀን 1997 ዓ.ም. የጸናው የወንጀል ሕግ ግርዛቱን በሕግ የሚያስቀጣ አደረገው፤ በከምባታ ግን ክርክሩ ከሕጉ አስቀድሞ በዛፍ ጥላ ሥር ተጀምሮ ነበር።

ወይዘሮ ቦጋለች እ.ኤ.አ. በ2013 በቤልጅግ አገር የንጉሥ ቦዱዊን የአፍሪቃ ልማት ሽልማት በተሰጣቸው ጊዜ፣ በሠሩበት አካባቢ ሴት ልጅ ሁሉ ይገረዝ የነበረው ልማድ ከመቶ 3 በታች መድረሱ ተገልጿል። እ.ኤ.አ. በኅዳር ወር 2019 ዐረፉ። ከእኛ መካከል ብዙዎቹ ሴት ተማሪዎች ያንን ሥቃይ ሳያውቁ ለማደጋቸው የእርሳቸውና የነዚያ የውይይት ጉባኤዎች ድካም አለበት።

አሁን በመጀመሪያ ወደ ጠቀስነው ወደ እንሰት እንመለስ። እንሰት በኢትዮጵያ ወደ 20 ሚሊዮን የሚጠጋ ሕዝብ የሚመገበው ተክል ነው። ቆጮው፣ ቡላው፣ አምቾው ለምግብ፣ ቃጫው ለገመድ፣ ቅጠሉ ለከብትና ለቤት ጥቅም ይውላል። ተተክሎ ለመድረስ ብዙ ዓመት ይፈጃል፤ ስለዚህ አንድ የደረሰ እንሰት የጠፋበት ቤተ ሰብ የጠፋበት የዓመታት ድካም ነው። አጠውልግ የሚባለውን በሽታ የሚያመጣውን ባክቴሪያ ለይተው በሳይንስ መጽሔት ያስታወቁት ዳኛቸው ይርጉ የተባሉት ኢትዮጵያዊ የተክል በሽታ ሊቅና ብራድበሪ የተባለው ባልደረባቸው ናቸው፤ ይህም እ.ኤ.አ. በ1968 ነበር። በ1974 ደግሞ ይኸው ባክቴሪያ ሙዝንም እንደሚያጠቃ አስታወቁ። እ.ኤ.አ. በ2001 በኡጋንዳ በሙዝ ላይ ተገኘ፤ ከዚያም በምሥራቅ አፍሪቃ ተስፋፋ።

የበሽታው ምልክት አስቀድሞ የመካከለኛው ቅጠል መጠውለግ ነው፤ ግንዱ በተቆረጠ ጊዜም ቢጫ የሚመስል ዝልግልግ ፈሳሽ ይወጣል። የታመመውን ተክል የሚያድን መድኃኒት የለም። እንደ ማዚያ ያሉ ከሌሎቹ የተሻለ የሚቋቋሙ ዝርያዎች ቢኖሩም፣ ፈጽሞ የማይታመም ዝርያ አልተገኘም። ዋነኛው የመተላለፊያ መንገድ የታመመውን ተክል የቆረጠ ቢላዋ ሳይጸዳ ጤነኛውን ሲቆርጥ ነው። ስለዚህ ሊቃውንት የሚመክሩት ቀላል ነገር ነው። ቢላዋውን በእሳት ማጋል ወይም በበረኪና ማጽዳት፤ የታመመውን ነቅሎ አርቆ በጥልቅ መቅበር፤ ችግኝ ከታመመ ጓሮ አለመውሰድ፤ የታመመውን ቅጠል ለከብት አለመስጠት።

ይህ ምክር ገንዘብ አይጠይቅም፤ የሚጠይቀው የጎረቤትን ስምምነት ነው። እኔ ቢላዋዬን ባጸዳ፣ ጎረቤቴ ግን ሳያጸዳ ቢያውሰኝ ድካሜ ከንቱ ነው። ቢላዋ የሚዋዋሱት ጎረቤቶች ናቸው፤ እንሰቱን የሚፍቁት እናቶችም በደቦ ከቤት ወደ ቤት ይሄዳሉ። በሽታው የሚሄደው በመረዳጃችን መንገድ ነው ማለት ነው። ቃሉም በዚያው መንገድ መሄድ ይገባዋል። አንድ ባለሙያ መጥቶ ወንዶቹን ብቻ በአደባባይ ሰብስቦ ቢናገርና ቢመለስ፣ መሣሪያውን በእጃቸው የያዙት እናቶች ሳይሰሙ ይቀራሉ። ደግሞም የትኛው ዝርያ በየትኛው ጓሮ እንደ ጸና፣ የትኛው ቶሎ እንደ ወደቀ የሚያውቁት እነዚሁ እናቶችና አባቶች ናቸው። የዓድዋን ልብስ አጣቢዎች ያልጠየቀ ሊቅ እንዶድን ባላገኘ ነበር።

በዛሬው ጊዜ ሊቃውንትን ፍለጋ ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። የከተማችንን የጥንት ስም የያዘው ዋቸሞ ዩኒቨርሲቲ በደጃችን ነው። በአገር ደረጃም እ.ኤ.አ. በ2004 የተቋቋመው የኢትዮጵያ የኅዋ ሳይንስ ማኅበር በትምህርት ቤቶች ክበቦችን እያቋቋመ ወጣቶችን ስለ ከዋክብት ያስተምራል። ማኅበሩ ሲጀመር ብዙ ሰው በረኀብ አገር ስለ ሰማይ ማውራት ቅንጦት ነው ብሎ ነበር። ከዚያ ወዲህ በእንጦጦ ተራራ ላይ ሁለት ትልልቅ ቴሌስኮፖች ቆሙ፤ ታኅሣሥ 10 ቀን 2012 ዓ.ም. የኢትዮጵያ የመጀመሪያዋ ሳተላይት ወደ ኅዋ ተላከች፤ ተግባሯም ምድርን ከላይ ሆኖ ለእርሻና ለአየር ጠባይ ጥናት መመልከት ነበር። ስለ ሰማይ የተጀመረው ወሬ ተመልሶ ወደ እርሻችን ወረደ።

ካነበብነው ሁሉ የሚከተለውን ተገንዝበናል። አንደኛ፣ ፍሬ የሰጡት ንግግሮች ከመናገር አስቀድመው የጠየቁ ናቸው። ሁለተኛ፣ ሰሚው በሚያውቀው ነገርና በሚገባው ቋንቋ የተነገሩ ናቸው፤ ሻማው፣ ሥዕሉ፣ ድልድዩ ይህን ያሳያሉ። ሦስተኛ፣ ተናጋሪው አንድ ቀን ታይቶ የጠፋ አልነበረም፤ ተመልሶ መጥቶ ምን እንደ ተደረገ ያየ ነው። እነዚህ ሦስቱ በጎደሉበት ቦታ ጭብጨባ ብቻ ይቀራል።

ስለዚህ ክቡራን መምህራኖቻችን በየመንፈቀ ዓመቱ አንድ የሳይንስ ሰው ወደ ትምህርት ቤታችን እንዲጠሩልን እንለምናለን፤ በዚያም ቀን ወላጆች፣ ይልቁንም እናቶች፣ አብረውን እንዲቀመጡ ይጋበዙ። እኛም ተማሪዎች በየፊናችን ሥራ አለን። በአማርኛና በእንግሊዝኛ የተማርነውን በሐዲይኛና በከምባትኛ ወደ ቤታችን የማድረስ ኃላፊነት የእኛ ነው፤ ከእኛ በቀር ሁለቱንም ወገን የሚሰማ የለምና። ነገ ከመካከላችን ሐኪም፣ የእርሻ ሊቅ ወይም መሐንዲስ የሚሆን ቢኖር፣ ወደዚህ ትምህርት ቤት ተመልሶ ለታናናሾቹ አንድ ሰዓት ይናገር ዘንድ ይህ መጽሐፍ ምስክር ይሁንበት።

እስከዚያው ድረስ ግን የዛሬ ማታ ሥራ አለን። ከጎረቤት የተዋስነውን ቢላዋ ከመመለሳችን በፊት በእሳት እናግለው፤ ለምን እንደምናደርገውም ለባለቤቱ እንንገረው።